ግሎባል ሚኒመም መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ካሉ ተማሪዎች ስለ ኦፕቲማይዜሽን (የአንድን ፈንክሽን የተሻለ ዋጋ ስለ መፈለግ) የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ግሎባል ሚኒመም ከሁሉም የሚያንሰው ዋጋ ነው፤ ሎካል ሚኒመም ደግሞ ከአካባቢው ብቻ የሚያንሰው። ያልገባችሁን እዚሁ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ግራዲየንት ዲሰንት (ቁልቁለቱን ደረጃ በደረጃ እየተከተለ የሚወርደው ዘዴ) መነሻውን ስቀይርበት መልሱም ይቀየራል። ኮዴ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ኮድህ ደህና ነው፤ ፈንክሽንህ ኮንቬክስ (እንደ ሳህን ወደ አንድ ታች ብቻ የሚወርድ) አይደለም። ጣና ላይ በታንኳ ሆኖ በገመድ ጥልቁን የሚፈልግ ሰው፣ ዙሪያው ሁሉ ካለበት ቦታ ያነሰ ጥልቀት ካለው «አገኘሁ» ይላል። ከደቅ ደሴት ማዶ የባሰ ጥልቅ ይኑር አይኑር ገመዱ አይነግረውም። ሀ⁴ − 3ሀ² + ሀ የሚለውን ሞክር። በትንንሽ እርምጃ ከ2 ብትነሳ 1.13 ገደማ ላይ ትቆማለህ፤ ዋጋው -1.07 ነው። ከ-2 ብትነሳ -1.30 ላይ -3.51 ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ከሺህ ቦታ ጀምሬ አንድ ዓይነት መልስ ከመጣስ? እርግጠኛ ልሁን?

መልስ፦ አትሁኚ እህቴ። ከብዙ ቦታ መነሳት ጥሩ ነው፣ እኔም የምጀምረው በዚያ ነው። ግን ማግኘትና ማረጋገጥ ለየቅል ናቸው። ለማረጋገጥ የታች ወሰን፣ ማለትም ዋጋው ከዚህ በታች ሊወርድ አይችልም የሚያሰኝ ቁጥር ያስፈልጋል።

ያንኑ ፈንክሽን እንመልከት። ሀ⁴ − 3ሀ² የትም ቢሆን ከ-2.25 በታች አይወርድም። ሀ ከዜሮ ካላነሰ ደግሞ የሚደመረው ሀ ውጤቱን አያወርደውም። ስለዚህ ከዜሮ በስተቀኝ ያለው ሁሉ -2.25 ወይም ከዚያ በላይ ነው። እጃችን ላይ -3.51 አለ። በቃ፣ አንዲት ነጥብ ሳንፈትሽ ቀኙን በሙሉ ጣልነው! በግራ ያለው ሎካል ሚኒመም አንድ ብቻ ስለሆነ ነገሩ አለቀ። ብራንች ኤንድ ባውንድ የሚባለው ዘዴ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ይከፍላል፣ ወሰን ያሰላል፣ ተስፋ የሌለውን ይጥላል። ይህ ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። ተለዋዋጮቹ ሲበዙ ግን ጊዜው ክፉኛ ሊንር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲሙሌትድ አኒሊንግስ?

መልስ፦ ኪርክፓትሪክ፣ ጄላትና ቬኪ በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ነው። አንዳንዴ ሽቅብ መውጣትን ስለሚፈቅድ ከሎካል ሚኒመም ያስመልጣል። ግሎባል ሚኒመምን የማግኘት ዋስትናው የሚሠራው ግን «ሙቀቱ» (ሽቅብ የመውጣት ዕድሉን የሚወስነው ቁጥር) እጅግ በዝግታ ሲቀንስ ነው፤ ያን ያህል የሚታገሥ የለም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ከጣና ሐይቅ ውኃ እየወሰደ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃ አለቃቀቅ ላይ ነው። ኃይሉን ለማስላት የውኃው ፍሰትና የሚወድቅበት ከፍታ ስለሚባዙ ኮንቬክስ አልሆነልኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ችግሩ የእውነት መሆኑን እይ። ውኃው የሚወድቀው ከ300 ሜትር በላይ ነው፤ የሐይቁ ወለል የሚለዋወጠው በጥቂት ሜትር ብቻ። ከፍታውን ቋሚ አድርገህ ፍታው፤ ብዜቱ ይጠፋል። ከዚያ ያገኘኸውን መልስ ለዋናው ሞዴል መነሻ አድርገው። ጽሑፍህ ላይ የተገኘውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከታች ወሰኑ ጋር ያለውን ልዩነትም አስፍር።