ሃምሳ ድረስ ትቆጥራለች፤ አምስት ማንኪያ ግን አታመጣም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ሁሉም ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ስላሉ ልጆች ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። አንድ ብላ ጀምራ ሃምሳ ትደርሳለች፤ እንግዳ ሲመጣ አስቆጥራታለሁ። በቀደም «አምስት ማንኪያ አምጪልኝ» ስላት እፍኝ ሙሉ ይዛ መጣች። የምትማረው «ሞንቴሶሪ» በሚባለው ዘዴ ነው፤ እዚያ ደብተር የሚባል የለም፤ ቀይና ሰማያዊ እንጨት ሲደረድሩ ነው የሚውሉት። ገንዘብ የምከፍለው ለጨዋታ ነው?
*እናት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን*

መልስ፦ ልጅዎ ምንም አልሆነችም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት እንደ መዝሙር ነው፤ ምላስ ይለምደዋል። መቁጠር ግን ሌላ ነው። ስሞቹን ሳያዛንፉ በተራ መጥራት አለ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት አለ፤ ከዚያ መጨረሻ የተጠራው ስም የሁሉም ብዛት መሆኑን ማወቅ አለ። አብዛኛው ልጅ የሚዘገየው እዚህኛው ላይ ነው።

የት እንደደረሰች ለማየት አሥር ቆርኪና አንድ ሳህን ይበቃል። «አንድ ስጪኝ» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያሉ ይቀጥሉ። ልጆች በተራ ነው የሚያልፉት። መጀመሪያ «አንድ» ሲባል አንድ ይሰጣሉ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁሉ ያፍሳሉ። ከወራት በኋላ «ሁለት» ይገባቸዋል፣ ቆይቶም «ሦስት»። ሦስትን ወይም አራትን ካለፉ በኋላ ግን በየቁጥሩ አይጠብቁም፤ የመቁጠር ምስጢሩ ይገለጥላቸውና ስድስትም ሰባትም ቢጠየቁ ቆጥረው ይሰጣሉ። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ያልቃል፤ ስለዚህ ልጅዎ ከመንገዱ አልወጣችም። ሌላም ምልክት አለ። ቆጥራ ስትጨርስ «ስንት ሆነ?» ይበሏት። መልሳ «አንድ፣ ሁለት…» ብላ ከጀመረች፣ ጥያቄው ለእሷ «ቁጠሪ» ማለት ነው እንጂ ብዛት መጠየቅ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚረዳት ብዛቱን አስቀድሞ መጥራት ነው። «ሦስት ብርቱካን አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ብርቱካን።» እንግዳ ፊት ማስቆጠሩን ለጊዜው ይተዉትና ለምሳ ሳህን ታቅርብ፤ ለአራት ሰው አራት። አንድ ቢጎድል ባዶ እጁን የሚቀመጠው ሰው ራሱ ስህተቱን ያሳያታል፤ እርስዎ መናገር አያስፈልግዎትም።

እንጨቶቹ የተሠሩትም ለዚሁ ነው። አሥር ናቸው፤ አጭሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር፣ በመካከላቸው በ10 ሳንቲ ሜትር እየጨመሩ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ሰማያዊ ይፈራረቃል። ከቆርኪ የሚለዩት «አምስት» ተነጣጥለው የተቀመጡ አምስት ነገሮች መሆኑ ቀርቶ በእጅ የሚያዝ አንድ ሙሉ ነገር ስለሚሆን ነው። ልጅቷ የዘጠኙን እንጨት አንስታ የአንዱን ጫፉ ላይ ስትገጥመው ከአሥሩ ጋር እኩል ይሆናል። ስምንትና ሁለት፣ ሰባትና ሦስት፣ ስድስትና አራትም እንዲሁ። መደመር የሚባለውን ስም ሳትሰማ ደመረች ማለት ነው።

አናጺ ዘንድ ማሠራት ለሚፈልጉ፦ የአሥሩ ድምር 5 ሜትር ከ50 ነው፤ መጋዝ በየቁርጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚበላ 6 ሜትር ይግዙ። ውፍረቱ በአራቱም ጎን 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ችግር የሚመጣው ከልኩ ነው። አናጺው በዓይኑ ገምቶ ከቆረጠ ዘጠኝና አንድ ከአሥር ጋር አይገጥሙም፤ ያኔ እንጨቱ ልጅን የሚያሳስት ዕቃ ይሆናል። ከመቀባቱ በፊት በሜትር እየለኩ ይረከቡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከ0 እስከ 9 የተጻፈበት ባለ ክፍልፋይ ሣጥንና 45 ቀጫጭን እንጨት ነው። በየክፍሉ በቁጥሩ ልክ ሲከተት 45ቱ አንድም ሳይተርፍ ያልቃል። አንድ ከተረፈ ወይም ካነሰ ልጁ ራሱ ተመልሶ ይፈልጋል። የዜሮው ክፍል ባዶ ይቀራል፤ «ምንም የለም» የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላየንም።

ስለ ሃምሳው ደግሞ፣ ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ያድምጧት። ብዙ ልጅ «ሃያ አሥር» ይላል። አይሳቁባት፤ የአማርኛን ሥርዓት አግኝታዋለች፣ «ሠላሳ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት የጎደለቻት። በአማርኛ «አሥራ አንድ» ሲባል አሥሩና አንዱ ይሰማሉ፤ በኦሮምኛም «ኩዳ ቶኮ» እንዲሁ ነው፤ በሶማሊኛ አንዱ ይቀድማል እንጂ «ኮው ኢዮ ቶባን» ውስጥም ሁለቱ አሉ። «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ግን ለሕፃን ምንም አይነግሩትም። ስለዚህ አሥርን ማለፍ መጀመሪያ በቤቷ ቋንቋ ይሁን፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐረር ጁገል ነው። ከእናቴ ጋር ልጄ በሐረሪ (ጌይ ሲናን) ያወራል፣ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ። ሦስት ዓመቱ ነው። አንዱን አረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ይደባልቃል። ዘመድ «የአያቱን ቋንቋ አስተዉት፣ ግራ ገብቶታል» ይለናል።
*አባት፣ ሐረር*

መልስ፦ አያስተዉት። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ማደባለቁ ግራ የመጋባት ምልክት አይደለም፤ በአንዱ ያጣውን ቃል ከሌላው ይበደራል፤ ቋንቋ የተጋራ ትልቅ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ቃላቱን ሲቆጥሩ በአማርኛ የሚያውቀውን ብቻ አይቁጠሩ፤ የሦስቱንም ይደምሩ። ያን ጊዜ «ዘግይቷል» የተባለው ልጅ ከእኩዮቹ እንዳላነሰ ብዙ ጊዜ ይታያል።

የሚጎዳው አያቱ በማይመቻቸው ቋንቋ እንዲያናግሩት ማድረግ ነው። ሰው በማይመቸው ቋንቋ ሲያወራ «ና፣ ተቀመጥ፣ ተው» ላይ ይቆማል፤ በራሱ ቋንቋ ግን ተረት ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል፣ ያባብላል። ልጅ የሚያድገው በዚህ ሀብታም ወሬ ነው። እናትዎ ነደባው (የሐረር ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ አስቀምጠው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች በየስማቸው ይንገሩት።

አዲስ ቃል ሲያስተምሩት በሦስት እርምጃ ቢሆን ይይዘዋል። ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ብቻ ያቅርቡ። መጀመሪያ እያስያዙት «ይሄ ሙዳይ ነው፤ ይሄ ሰፌድ ነው» ይበሉ። ቀጥሎ «ሙዳዩን አምጣልኝ፤ ሰፌዱን አያትህ ጋ አድርሰው» እያሉ ያመላልሱት፤ ረጅሙ ክፍል ይህ ነው፣ ጨዋታውም እዚህ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አብዛኛው ወላጅ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ይዘላል፤ ልጁም ዝም ይላል፣ «አያውቅም» ይባላል። በሁለተኛው ላይ ከተሳሳተ አያርሙት፤ ዕቃውን ያንሱና በሌላ ቀን ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ሐኪም የሚያስፈልግበትን ጊዜ ግን እንለይ። በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ (በየትኛውም ቋንቋ፣ ተቀላቅሎም ቢሆን)፣ የነበረውን ቃል ከተወ፣ ወይም ከኋላው ሲጠራ የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ የሚሰማው ድምፅ የታፈነ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ልጆቼ ከሀ እስከ ፐ ሠንጠረዡን እየዘመሩ ይወጡታል። መካከል ላይ አንዷን ፊደል ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ከ«ሀ» ጀምረው ካልቆጠሩ አይደርሱባትም።
*መምህርት፣ ድሬዳዋ ለገሃር*

መልስ፦ ልጆቹ የያዙት የፊደሉን ቦታ ነው፤ መልኩን ገና አላዩትም። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መልክ ለዩ ማለት ከባድ ነው። ሠንጠረዡን አንቺ አትጣይው፣ ዜማው ሥርዓቱን ያስይዛል፤ ግን ለአንድ ወሰነ ትምህርት ዞር አድርጊውና በሰባት ፊደል ጀምሪ፦ ለ፣ መ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ደ። ከእነዚህ ብቻ ላም፣ በር፣ ቤት፣ ማር፣ ዳቦ፣ ዶሮ፣ ድመት፣ ነብር ይጻፋል፤ ድሬም ይጻፋል።

ፊደሎቹን ከአናጺ ሻካራ ወረቀት (120 ቁጥር ይሻላል፤ 60ው ጣት ይልጣል) ቆርጠሽ በካርቶን ላይ በኮላ ለጥፊ፤ ሌሊቱን ከባድ ነገር ይጫነው፣ አለዚያ በድሬ ሙቀት ጠርዙ ይነሳል። ልጁ በሌባ ጣቱና በመካከለኛው ጣቱ በሚጻፍበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። በአንድ ቀን ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ፤ የሚመሳሰሉትንም አታቀራርቢ። ለ እና በ በአንድ ቀን አይሰጡም፤ ተ እና ቸም እንዲሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱን ብቻ አስተምሪ፤ ሌሎቹ አንደኛ ክፍል ይጠብቁ።

ቀጥሎ የሚንቀሳቀስ ፊደል ነው። የሰባቱን ፊደል ሰባት ቤቶች በትናንሽ ካርቶን ጻፊ፤ 49 ይሆናል። አማርኛ ውስጥ ሳድስ ስለሚበዛ ል፣ ም፣ ር፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ድን ሁለት ሁለት ጨምሪ፤ በጠቅላላው 63። ልጁ እርሳስ ሳይዝ ቃል ይሠራል። «ላም» ሲል መጀመሪያ «ላ» ይሰማል፣ ይፈልጋል፣ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ «ም»። ልጆች ከማንበባቸው በፊት ይጽፋሉ፤ ማንበቡ ከሳምንታት በኋላ ይከተላል፣ ስለዚህ የሠራውን ወዲያው «አንብበው» አትበይው። ስህተቱ በየት እንደሚመጣም ላስታውስሽ፦ ካዕብና ሣልስ ቅጥያቸው በመስመር የሄደ ስለሆነ በቶሎ ይያዛሉ፤ ሳድስና ሳብዕ ግን በየፊደሉ ይለያያሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይዳሰሱ። ደግሞ ፊደላችን ጥብቀትን (ድምፅ ጠብቆ መነበቡን) አያሳይም፤ «አለ» የሚለውን ልጅ አላልቶም አጥብቆም ቢያነበው አልተሳሳተም፣ የቀረውን አረፍተ ነገሩ ይነግረዋል።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጃችን ትምህርት ቤት ጫማውን ራሱ ያደርጋል፣ ውሃ ይቀዳል ይሉናል። ቤት ግን ሠራተኛዋ ካላጎረሰችው አይበላም። ውሃ በጄሪካን የምናጠራቅም ሰዎች ነን፤ አፍስሶ እንዲማር ልንፈቅድለት ነው?
*ወላጆች፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ*

መልስ፦ ውሃ ሳይባክን ይማራል። በደረቅ ይጀምሩ፤ ሁለት ትናንሽ ጆግ በትሪ ላይ፣ በአንዱ ግማሽ ድረስ ምስር። በቀኝ እጁ እጀታውን፣ በግራው ከጆጉ አፍ በታች ይደግፋል፤ የጆጉን አፍ ከሌላው መካከል በላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ያዘነብላል፣ የመጨረሻዋን ፍሬ ይጠብቃል። የወደቀችውን ከትሪው ይለቅማል። ሳይፈስ ሲመላለስለት ወደ ውሃ ይለፉ፤ አንድ ስኒ ውሃ ብቻ፣ ልኩም በጆጉ ውጭ በቀለም መስመር ይሠመር። ስፖንጅ ትሪው ላይ አይጠፋ። የፈሰሰው አንድ ስኒ ነው፤ ትሪው ላይ የተጠራቀመውንም ለአበባ ያፈሱታል። ምስሩን አፉና አፍንጫው ውስጥ የሚከት ልጅ ከሆነ ይህን ያቆዩት።

ጉርሻን የሚነቅፍ የለም፤ ፍቅር ነው፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይጉረስ። መላውን ምሳ ማጉረስ ግን እጁን ሥራ ያስፈታዋል። እንጀራውን ቆራርሰው ወጡ ወፈር ያለ ይሁን፣ ትንሽ ያቅርቡለት፣ ሠራተኛዋም አጠገቡ ተቀምጣ የራሷን ትብላ።

ጫማው ላይ ከመጨረሻው እርምጃ ይጀምሩ። ሁሉንም እርስዎ አድርገው ማሠሪያውን መለጠፍ ብቻ ለእሱ ይተዉ፤ ሲችል ተረከዙን መክተትም ይጨምሩ። መጨረሻውን የሚያደርገው እሱ ስለሆነ ሁልጊዜ «ጨረስኩ» ይላል። ግራና ቀኙን እንዲለይ አንድ ሥዕል ለሁለት ቆርጠው በሁለቱ ጫማ ውስጥ ይለጥፉ፤ ሥዕሉ የሚገጥመው በትክክል ሲቀመጡ ብቻ ነው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ካልተነሳችሁ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ባጃጁ ውጭ እየጠበቀ ጫማ አይለመድም። የቡና ከሰሉ አጠገብ ደግሞ ነፃነት የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በር ላይ «ሞንቴሶሪ» የተጻፈበትን ሁሉ እንመን?
*ሐረር*

መልስ፦ ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች፤ ከላይ ያነሳናቸው ቀይና ሰማያዊ እንጨቶችና ሣጥኑ የእሷ ዘዴ ዕቃዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ከፈተች። ስሙን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ገብተው መደርደሪያውን ይዩ። ዕቃው ልጅ እጁ በሚደርስበት ቁመት ክፍት ነው ወይስ በመስታወት ተቆልፏል? ጠርዙ ከእጅ ብዛት ለስልሷል ወይስ እንደ አዲስ ያበራል? ልጆቹ የተለያየ ነገር ይዘዋል? ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት አብረው ናቸው? ሳይቋረጥ የሚሠሩበት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አላቸው ወይስ በየሠላሳ ደቂቃው ደወል ይደወላል? የአራት ዓመት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሙሉ ገጽ «ሀ» ጽፈህ ና የሚል የቤት ሥራ ካገኙም በሩ ላይ የተጻፈውን አይዩ።