«ሙያው ያመጣው ነው» ለተባለች የአእምሮ ሕክምና ነርስ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ በአንድ የግል የአእምሮ ጤናና የሱስ ማገገሚያ ማዕከል በነርስነት ስሠራ 4 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው አንድ ዓመት ብዙ ባልደረቦቻችን ሲለቁ በምትካቸው ሰው ስላልተቀጠረ የቀረነው በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት እንሠራለን፤ ሌሊት ደግሞ አንድ ነርስ ብቻዋን ክፍሉን ትይዛለች። ከ4 ወር በፊት በሌሊት ተረኛነቴ አንድ ታካሚ ገፍትሮ ጥሎኝ እጄ ተሰበረ። ቤት የተኛሁበት 6 ሳምንትም ከዓመት ዕረፍቴ ተቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳቱ ሙያው ያመጣው መሆኑን፣ ደመወዛችን ትርፍ ሰዓትን የሚያካትት መሆኑን፣ የማገገሚያ ሥራም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንደማይሸፈን ነግረውናል። አሁን እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ተረኛ ስሆን ልቤ ይርዳል። ልልቀቅ ስል «የሥልጠና ግዴታ አለብሽ፤ የሥራ ልምድም አንሰጥሽም» እባላለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ያነሷቸው ጉዳዮች ብዙ ቢሆኑም ሁሉም የሚወሰኑት አዋጁ እርስዎን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም በሚለው ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 የማይፈጸምባቸውን ግንኙነቶች ሲዘረዝር ለአስተዳደግ፣ ለሕክምና፣ ለእንክብካቤ ወይም ለማገገሚያ ተብለው የሚደረጉ ውሎችን በእርግጥ ይጠቅሳል። ሥራ አስኪያጁ ክርክራቸውን ያገኙት ከዚህ ይመስለኛል፤ አነባበባቸው ግን የተገለበጠ ነው። ሕጉ ያስወጣው ታካሚው ወይም ተንከባካቢ የሚያስፈልገው ሰው ራሱ የሚገባበትን ውል ነው፤ ለምሳሌ የሕክምናው አካል እንዲሆን ታስቦ በማዕከሉ ግቢ ሥራ የተሰጠው ታካሚ በዚያ ብቻ የማዕከሉ ተቀጣሪ አይባልም። ያንን ታካሚ በአሠሪ መሪነትና በደመወዝ የሚንከባከቡት ነርስ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያና የጽዳት ሠራተኛ ግን የሥራ ውል ያላቸው ሠራተኞች ናቸው። እንዲያውም ይኸው አዋጅ በሌላ ክፍሉ ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚሰጡ ድርጅቶች ጋር መድቦ የሥራ ማቆም መብትን ይገድባል፤ የሕክምና ሠራተኞች ከአዋጁ ውጭ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ገደብ ማስቀመጥ ባላስፈለገ ነበር። በመንግሥት ሆስፒታል የተቀጠሩ ባለሙያዎች ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ ከዚህ በታች የምለው በቀጥታ እነርሱን አይመለከትም።

በሥራ ሰዓት ረገድ አዋጁ መደበኛውን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። በፈረቃ የሚሠራ ድርጅት ሰዓቱን ከአንድ ሳምንት በረዘመ ጊዜ አማካይ ማስላት ቢፈቀድለትም አማካዩ ከዚሁ መብለጥ አይችልም። እርስዎ በሳምንት 72 ሰዓት ከሠሩ፣ የምግብ ዕረፍት ካለ እርሱ ተቀንሶ፣ እስከ 24 ሰዓት የሚደርስ ትርፍ ሰዓት አለዎት ማለት ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ግን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ይህም ቢሆን አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚያዘው አይደለም። ከተፈቀዱት ምክንያቶች አንዱ ያለማቋረጥ በሚከናወን ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን መተካት ነው፤ ማዕከሉ የሚጠቅሰው ይህን እንደሚሆን እገምታለሁ። ዛሬ ታምሞ በቀረ ባልደረባ ቦታ መግባትና ዓመቱን ሙሉ ክፍት በተተወ የሥራ መደብ ላይ መግባት ግን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቅጥርን በትርፍ ሰዓት መተካት ነው። ከጣሪያው በላይ ማሠራቱ አሠሪውን በሕግ ጥሰት ተጠያቂ ያደርገዋል እንጂ የሠሩበትን ክፍያ አያስቀርብዎትም።

ክፍያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ 2.5 እጥፍ ነው። «ደመወዝሽ ሁሉን ያካተተ ነው» የሚለው መልስ፣ ከመሠረታዊው ደመወዝ ተለይቶ ለትርፍ ሰዓት የተከፈለ ገንዘብ በሰነድ ካልታየ ብዙ ርቀት የሚሄድ አይመስለኝም፤ የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጥ አይችልምና። እዚህ ላይ ግን የማያስደስትዎትን ነገር መንገር አለብኝ፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይርጋው በእያንዳንዱ የደመወዝ ቀን ለየብቻው ስለሚቆጠር፣ ሳይጠይቁ ባለፈ ወር ሁሉ የአንድ ወር ሒሳብ ይወድቃል። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል፤ ስለዚህ በቃል ከመጨቃጨቅ በደብዳቤ ጠይቆ በደብዳቤ መልስ መቀበል ይሻላል።

ወደ ጉዳቱ ልለፍ። ሠራተኛው ሥራውን በሚያከናውንበት ጊዜ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የሚደርስበት ጉዳት በአዋጁ አንቀጽ 97 መሠረት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው፤ ታካሚው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው። የአሠሪው ኃላፊነት ጥፋት በመሥራቱ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ነፃ የሚወጣው በዋናነት ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ የደህንነት መመሪያን ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ሲገኝ ነው። ስለዚህ «ሙያው ያመጣው ነው» የሚለው አነጋገር ሥራ አስኪያጁ እንዳሰቡት መከላከያ ሳይሆን፣ ጉዳቱ ከሥራው የመነጨ መሆኑን ማመን ነው፤ በጽሑፍ ቢሰጡዎት እኔ ጠበቃዎ ብሆን ከሌሎች ማስረጃዎች ሁሉ አስቀድሜ ማኅደሩ ላይ አያይዘው ነበር። ታካሚውን በወንጀል መክሰስም አያስፈልግዎትም፤ በሕመሙ ምክንያት ኃላፊነት የማይወስድ ሰው ቢሆንም እንኳ የአሠሪው ግዴታ አይቀንስም።

በዚህ መሠረት የሕክምና ወጪዎ በአሠሪው መሸፈን ነበረበት። ለጊዜው መሥራት ላልቻሉበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ለተቀሩት 6 ወራት 50 በመቶ የሚከፈል ስለሆነ፣ የእርስዎ 6 ሳምንት ሙሉ በሙሉ በደመወዝ የሚሸፈን ነው። ከዓመት ዕረፍትዎ መቀነሱ ሕጋዊ መሠረት የለውም፤ ቀናቱ እንዲመለሱልዎ ይጠይቁ። እጅዎ እንደ ቀድሞው ካልሆነ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ እንዲወስን ያስደርጉ፤ ዘላቂ ጉድለት ካለ ሌላ ክፍያ ይከተላልና።

የእንቅልፍ ማጣቱና የፍርሃቱ ጉዳይ በሕግ ዓይን ከተሰበረው እጅ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ሒደቱ የአካል፣ የኬሚካል፣ የሥነ ሕይወት፣ የሥራ አመቺነትና የሥነ ልቦና አደጋ ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል፤ የሥነ ልቦናው መጨመር ለእናንተ ሙያ ትልቅ ነገር ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን የሚተረጉመው አንቀጽ ግን በፊዚካል፣ በኬሚካልና በባዮሎጂካል ነገሮች ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ከሥራ ጫና የመጣ የአእምሮ ሕመምን በዚያ በር ማስገባት ብዙ ክርክር ያስነሳል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ ላይ በሽታዎች ዝርዝር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰትን የጭንቀት ሕመም ማካተቱ ለክርክሩ ይጠቅማል፤ ፍርድ ቤትን ግን በቀጥታ አያስገድድም።

ስለዚህ የሚያዋጣው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ በትክክል መመርመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ የሥራ መሰላቸትን (በርንአውት፣ ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንጂ እንደ ሕመም ስላልመዘገበው፣ «በሥራ ተሰላችታለች» የሚል ወረቀት ይዞ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ ደካማ ነው፤ ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ሌላ የታወቀ ምርመራ ካለ በስሙ ይጻፍ። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚሰጥ ሲሆን የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሙያችሁ ያሉ ሰዎች የራሳቸውን ሕመም ባልደረባ እንዳያውቅባቸው ብለው ሲደብቁ አይቻለሁ። ለታካሚ የማትመክሩትን ለራሳችሁ አታድርጉ፤ ካስፈለገም ከማዕከሉ ውጭ ባለ ሐኪም ይታዩ።

መልቀቅን በተመለከተ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በአንቀጽ 31 መሠረት ያለ ምንም ምክንያት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ነው፤ አስተማማኝ ቢሆንም አገልግሎትዎ 5 ዓመት ስላልሞላ የሥራ ስንብት ክፍያ አያስገኝልዎትም። ሁለተኛው በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሠራተኛውን ደህንነት ወይም ጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው አስቀድሞ ተነግሮት እርምጃ አለመውሰዱ ነው፤ ይህን ማሳወቅ ሠራተኛው ራሱ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ወይም የሚመለከተው ባለሥልጣን ሊያደርገው ይችላል። ይህ ከተረጋገጠ በ4 ዓመት አገልግሎት የ60 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ያገኛሉ፤ ይኸውም ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚሁ አንድ ሦስተኛ ነው። በላዩም የ30 ቀን ካሳ ይጨመራል።

በዚህ መንገድ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት በጊዜው ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የማቋረጥ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቀረበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እጅዎ የተሰበረው ከ4 ወር በፊት ስለሆነ በዚያ ብቻ ተመሥርተው ቢወጡ ጊዜው አልፏል ይባላሉ። ሌሊት ብቻዎን መመደብዎ ግን እስከ ዛሬ የቀጠለ አደጋ ነው። በዚህ ሳምንት ለአሠሪው ቀን ያለበት ደብዳቤ ጽፈው ስለ ሌሊት ምደባው፣ ስለደረሰው ጉዳትና ሁለተኛ ሰው እንዲመደብ መጠየቅዎን ይግለጹ፤ ምክንያታዊ የመልስ ቀን ይወስኑ፤ በቅጂው ላይ ያስፈርሙ። አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ይላኩ፤ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም ግልባጭ ያድርሱ። ቀኑ አልፎ ምላሽ ካልተገኘ ምክንያቱንና የሚለቁበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቀው መውጣት ይችላሉ። ደብዳቤው ሳይጻፍ ነገ ብድግ ብለው ቢቀሩ ግን በተቃራኒው እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ተረኛ ሆነው ታካሚዎችን ለማንም ሳያስረክቡ አይውጡ፤ ያ ከሥራ ውሉ አልፎ የሙያና የወንጀል ተጠያቂነትን ሊያመጣ ይችላል።

የሥልጠና ግዴታው ውሉን ሳላይ የምፈርድበት አይደለም። ሠራተኛን አስሮ የሚያስቀምጥ ውል የለም፤ ክርክሩ የሚሆነው በገንዘብ ነው። ማዕከሉ በእርግጥ ያወጣው ወጪ ስንት ነው? የአንድ ቀን ገለጻ ሥልጠና ተብሎ ተቆጥሯል? እስካሁን ያገለገሉበት ጊዜ ተቀንሷል? እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ግን አሠሪው በማንኛውም ምክንያት መያዣ ሊያደርገው አይችልም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ መስጠት በአንቀጽ 12 የተጣለበት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ እያሉ አሁኑኑ ይጠይቁት።

ማስረጃ ሲያሰባስቡ የፈረቃ ሰሌዳ፣ የመግቢያ ፊርማ፣ የተረኛ መዝገብና ለሥራ የተላኩልዎት የስልክ መልእክቶች ይበቃሉ። የታካሚ ካርድ ግን ፎቶ አያንሱ፤ የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስቀጣ ስለሆነ ትክክለኛው ክስዎ በሌላ ክስ ሊሸፈን ይችላል። መዝገቡ ካስፈለገ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲያስቀርብ ይጠየቃል። ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ለመቆየት ከወሰኑ ወይም ለሚቀሩት ባልደረቦችዎ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ልምድ ያለው ባለሙያ በየጊዜው ሥራችሁን አብሯችሁ የሚገመግምበት ሰዓት፣ ከግጭት በኋላ የሚደረግ ውይይት፣ ሌሊት ሁለት ሰው መመደብ፣ እነዚህን አዋጁ በስማቸው አይሰጣችሁም፤ የሚገኙት በኅብረት ስምምነት ነው። 10 ሠራተኞች ካላችሁ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ ማኅበሩም ስለ ደህንነትና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር የመደራደር መብት አለው። ማዕከሉ በክሊኒክነት ፈቃድ ያለው ከሆነ ሥራ ማቆም ስለማይፈቀድላችሁ፣ ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው።