«መብራቱ ይበራል» የተባለ የ8 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተር ይገዛ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ አበባ ያነሳቸው ዘጠኝ ትንንሽ የፊልም ጥቅሎች እጄ ላይ አሉ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ኢዩሚግ የሚባል፣ ‹ዱዋል 8› የሚል ጽሑፍ ያለበት ፕሮጀክተር አገኘሁ። ሻጩ ‹መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ በፊልም ግን አልሞከርኩትም› ይላል። ለገና አዲስ አበባ ወስጄ ለእናቴ ላሳያት አስቤያለሁ። ምን ምኑን ልይ?»

መልስ፦ አምፖሉ መብራቱ ስለ መሣሪያው ጤንነት የሚነግርዎ ጥቂት ነው። የተቃጠለ አምፖል በሌላ ይተካል። ፊልም የሚቧጭር ፕሮጀክተር ግን የአባትዎን ሥራ አንዴ ካበላሸ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ፍተሻዎ ፊልሙ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያተኩር፤ ዘጠኙ ጥቅሎችም መሣሪያው በሌላ ፊልም እስኪረጋገጥ ድረስ ከሣጥናቸው አይውጡ።

አስቀድመው የፊልሙን ዓይነት ይለዩ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው የቀድሞው 8 ሚሊ ሜትርና በ1965 ያወጣው ሱፐር 8 ወርዳቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ቀዳዳው ነው። የፊልሙን ጫፍ ወደ ብርሃን ያንሱት። የቀድሞው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ወርዱ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ሁለት ምስሎችን በሚለየው መስመር አንጻር ይገኛል። የሱፐር 8 ቀዳዳ ወርዱ የዚያ ግማሽ ሲሆን ከምስሉ ወገብ አንጻር ነው። የጥቅሉ መሃል ቀዳዳም (የቀድሞው ስፋቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር፣ የሱፐር 8 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ነው) ፍንጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰው ፊልም ከጥቅል ወደ ጥቅል ስለሚያዛውር የሚታመነው የፊልሙ ቀዳዳ ነው። የአባትዎ ዘመን ሁለቱንም ዓይነት ስለሚነካ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ይዩ።

«ዱዋል 8» ማለት መሣሪያው ሁለቱንም ያጫውታል ማለት ነው፤ የሚያጫውተው ግን ተለዋጭ ዕቃዎቹ ከተሟሉ ነው። የፊልም ዓይነት መምረጫው ሳይጣበቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር እንደሆነ፣ የጥቅል ማሰሪያ አስማሚዎቹም መኖራቸውን ያረጋግጡ። በአንዳንድ ሞዴል የአምፖሉ ብርሃን በፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ራሱ ተነቅሎ ስለሚለወጥ ሁለተኛው የት እንዳለ ሻጩን ይጠይቁት።

ከዚያ ስፒናው ሳይሰካ ክዳኑ ይከፈት። በባትሪ ብርሃን ጎማ የሆነውን ሁሉ ይፈልጉ። ቺንጋ ካለው በጣት ሲስቡት ተለጥጦ መመለስ አለበት። ያረጀ ቺንጋ ወይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ወይ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። የቀለጠው ከፑሌጃው ላይ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ሙልጭ ብሎ ካልተጠረገ አዲሱም ቺንጋ ይንሸራተታል። ለመግዛት ክር በፑሌጃዎቹ ዙሪያ አዙረው ይለኩና ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ አጠር ያለውን ይምረጡ። ይህ ቀላል ጥገና ነው፤ ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ ለዚህ ብለው መሣሪያውን አይተዉት።

ሌላው ዓይነት ኃይሉን የሚያስተላልፈው የሞተሩ ዘንግ በጎማ የተለበጠ መንኮራኩር ላይ እየተጫነ ነው። ማብሪያው «ወደ ፊት» ላይ እንደቆመ ለዓመታት ከተቀመጠ ዘንጉ ጎማው ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ሲዞር በእኩል ጊዜ «ቱግ፣ ቱግ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ያ ነው። ጎማው አብለጭልጮ የሚንሸራተት ብቻ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መፈግፈግ ይረዳዋል፤ ጉድጓዱ ግን በዚህ አይጠፋም፤ ጎማው መለወጥ አለበት።

ማርሾቹን ጥርስ በጥርስ ይመልከቱ፤ በተለይ ፕላስቲክ የሆኑትን። በብረት ዘንግ ላይ ተጠቅጥቆ የገባ ናይለን በዕድሜ ይኮማተራል፤ ብረቱ ስለማይለቀው ይሰነጠቃል። በ16 ሚሊ ሜትሮቹ የቤል ኤንድ ሃውል ፕሮጀክተሮች ላይ የታወቀው ችግር ይኸው ነው። ስንጥቅ ያለበትን ማርሽ ሙጫ አይዘውም። ምትኩን አስቀድመው ካላገኙ አይግዙት።

በእጅ ማዞሪያው ሲያዞሩት ሳይነቅፍ መዞር አለበት። የሚከብድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ግራሶው ደርቆ ነው። አሮጌው ግራሶ ተጠርጎ አዲስ ቀጭን ግራሶ ለማርሹ፣ አንድ ጠብታ የሲንጀር ዘይት ለኩሽኔታው ይበቃል። ጎማው አጠገብ ዘይት እንዳይደርስ። የሚረጭ የዝገት ማስለቀቂያ ጨርሶ አይጠቀሙ፤ የማይፈለግበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል።

አሁን ይሰኩት፤ ገመዱ ያልተሰነጣጠቀ መሆኑን ግን መጀመሪያ ይዩ። አምፖሉን ሳያበሩ ሞተሩን ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያስዙሩት። እምም እያለ የማይነሳ ከሆነ ወዲያው ያጥፉት፤ ወይ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ካፓሲተር ሞቷል ወይ ግራሶው ይዞታል፣ በዚያ ሁኔታ ሲቆይ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል። ሲሞቅ ፍጥነቱ የሚቀንስ ሞተርም ያው የኩሽኔታና የግራሶ ጉዳይ ነው። አምፖሉ ሲበራ ማራገቢያው አየር እየገፋ መሆኑን በእጅዎ ያረጋግጡ።

የፊልም ሙከራው ዋናው ነው። ማንም የማይፈልገው አሮጌ ፊልም ሦስት አራት ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ጫፉ ያልተጣመመና በንጽሕና የተቆረጠ ይሁን፤ አለዚያ በራሱ የሚጎርሰው ዓይነት ፕሮጀክተር በትክክል አይጎርሰውም። ከዚያ በፊት መስኮቱን፣ ፊልሙን የሚጫነውን ሳህንና የሚጎትተውን ጥፍር በአልኮል ይጥረጉ። የጠነከረ ቆሻሻ ካለ በስቴኪኒ ይነሣል፤ በምላጭ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ በጭራሽ። እዚያ ላይ የሚተው ጭረት ከዚያ በኋላ ለሚያልፍ ፊልም ሁሉ ይተርፋል።

ሲያጫውቱ ከመስኮቱ በላይና በታች ያሉትን ልል የፊልም ጥምዞች ይመልከቱ። ጥቅሉ ሳይቋረጥ ይዞራል፤ መስኮቱ ላይ ግን ፊልሙ እየቆመ እየሄደ ነው፤ ልዩነቱን የሚውጡት እነዚያ ጥምዞች ናቸው። የታችኛው ከጠፋ ምስሉ ይዘላል፣ ቀዳዳውም ይቀደዳል። ከነጭ ነገር ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚጎተት ብርሃን ካዩ ፊልሙ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑን የሚጋርደው መዝጊያ ከጥፍሩ ጋር ያለው ቅንብር ተዛብቷል፤ ይህን ማስተካከል ለጀማሪ አይመከርም።

ፊልሙን አውጥተው በባትሪ ብርሃን አዘንብለው ይዩት። በፊልሙ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ቀጥ ያለ ጭረት ካለ የት እንደተፈጠረ ማወቅ ይቻላል። አዲስ ቁራጭ አስገብተው መሃል ላይ ያቁሙት፤ አምፖሉ ይጥፋ፤ ፊልሙ በየሮለሩና በመስኮቱ በሚያልፍበት ቦታ ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በጥንቃቄ ያውጡት። ጭረቱ ከየትኛው ምልክት ጀምሮ እንደሚታይ ሲያዩ ጥፋተኛው ክፍል ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የማይዞር ሮለር ወይም መስኮቱ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ነው፤ ሁለቱም በጽዳት ይድናሉ። ብረቱ ራሱ ከተሰረጎደ ግን መሣሪያው ለመለዋወጫ ብቻ ነው የሚሆነው።

አምፖሉን በተመለከተ መሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቮልትና ዋት ይከተሉ። ብርሃን አንጸባራቂ መስታወት ያላቸው ባለ 12 ቮልት 100 ዋትና ባለ 15 ቮልት 150 ዋት ሃሎጅኖች መልካቸው ይመሳሰላል። የ12ቱ በ15 ቮልት መሣሪያ ላይ ቶሎ ይቃጠላል፤ የ15ቱ በ12 ላይ ይደበዝዛል። የአምፖሉን የብርጭቆ ፊኛ በባዶ ጣት አይንኩት፤ የጣት ቅባት ሲሞቅ ይጎዳዋል።

አዲስ አበባ ለመውሰድ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው)። ቮልት መምረጫ ካለው ከመሰካትዎ በፊት 220 ላይ ያድርጉት። ከሌለው ከባዱን ባለ ብረት ትራንስፎርመር ይግዙ፤ አቅሙ ከፕሮጀክተሩ ዋት ቢያንስ በሩብ ይብለጥ። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላል ማስተካከያ ለሞተር አይሆንም። ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይለውጥም። «60» ብቻ የተጻፈበት የኤሲ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። በሴኮንድ 18 ምስል ማሳየት የነበረበት 15 ያሳያል፤ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚፈጀው ባለ 15 ሜትር የሱፐር 8 ጥቅል 4 ደቂቃ ይሆናል። ለድምፅ አልባ የቤተሰብ ፊልም ይቻላል፤ ድምፅ ያለው ከሆነ የሰዉ ድምፅ ይወፍራል። «50/60» የሚሉት ላይ ቺንጋው ወደ ሌላኛው የፑሌጃ ደረጃ መዛወር እንዳለበት ይመልከቱ።

ፊልሞቹን ከመጫንዎ በፊት ሣጥኑን ከፍተው ያሽቱ። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም የተሠራበት አሲቴት የሚባለው ፕላስቲክ መበስበስ ጀምሯል፤ ይኮማተራል፣ ቀዳዳዎቹም ከጥፍሩ ጋር አይገጥሙም። እንዲህ ያለውን ጥቅል ፕሮጀክተር ላይ አያውጡት። እንፋሎቱ የሌሎቹንም መበስበስ ስለሚያፋጥን ለብቻው ያስቀምጡትና ወደ ዲጂታል እንዲገለበጥ መጀመሪያ እሱን ይላኩ።