ትንንሽ አውሮፕላኖች ለምን ይወድቃሉ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አንድ ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ በተባለ ቁጥር ስልኬ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ማብረር እንደማስተምር የሚያውቅ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል። እስቲ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስባችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። አብዛኞቹ ምሳሌዎቼ ከአሜሪካ ናቸው። የምኖረው እዚህ ነው፤ ደግሞም የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ኤንቲኤስቢ፣ የመረመረውን አደጋ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ዓመቶቹ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማብረር መማር ጀምሯል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ይህን ያህል አደገኛ ነው?

እህቴ፣ አልዋሽሽም። ከአየር መንገድ በረራ ጋር በፍጹም አይወዳደርም። በአሜሪካ የግልና የትንንሽ አውሮፕላን በረራ ላይ፣ በየ100,000 የበረራ ሰዓቱ 1 ገደማ ሰው የሚሞትበት አደጋ ይደርሳል። ብዙዎች አደጋውን ከሞተር ሳይክል ጋር ያስተያዩታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ሞተር ሳይክል ነጂን ሌላ መኪና መጥቶ ሊገጨው ይችላል። እዚህ ግን አብዛኛው አደጋ የሚመነጨው ከራሱ ከአብራሪው ነው። ይህ መጥፎ ዜና ይመስላል፤ ለእኔ ግን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ባልሽ አሁን ከመምህር ጋር ስለሚበር፣ ከግል ሽርሽር በረራ ይልቅ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው። ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ነው «ዛሬ ይቅር» ማለት መቻሉን ማየት ያለብሽ።

ጥያቄ፦ ዋናው ምክንያት የሞተር ብልሽት አይደለም እንዴ? ዜናው ሁሌ እንደዚያ ነው የሚለው።

ሞተር ይበላሻል፣ አልክድም። ግን ከአራት አደጋ የሦስቱ ያህል ሰበብ የአብራሪው ውሳኔ ወይም አያያዝ ነው። ቁጥሩ የሚበዛው ማረፊያ ላይ ነው። ጎማ ይሰበራል፣ ፕሮፔለር መሬት ይመታል፣ ሰዎቹ ግን በእግራቸው ወርደው ይሄዳሉ። የሚገድለው ሌላ ነው፤ አየር ላይ አውሮፕላኑን ከቁጥጥር ማጣት፣ እንዲሁም ሳይዘጋጁ ደመናና ጭጋግ ውስጥ መግባት።

ጥያቄ፦ የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ልጅ አሟሟት ሁሌም ግራ ይገባኛል። አውሮፕላኑ ደህና ነበር ይባላል። ታዲያ ምን ሆነ?

ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው፤ ለተማሪዎቼም መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው።

ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ትንሹ ሐምሌ 16 ቀን 1999 ከኒው ጀርሲ ተነስቶ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት እየበረረ ነበር። ባለቤቱና እህቷ አብረውት ነበሩ። አውሮፕላኑ ፓይፐር ሳራቶጋ ነው፤ ጥሩ አውሮፕላን። የተነሳው ከምሽቱ 2፡38 ነው፤ ፀሐይ ጠልቃለች። አየሩ ጭጋጋማ ነው። የመጨረሻው መንገድ ደግሞ በባህር ላይ ነው። ከፊቱ መብራት የለም፣ የሰማይና የውሃው መለያ መስመር አይታይም። እሱ ደግሞ ውጭውን ሳያይ፣ ከፊቱ ያሉትን ጠቋሚ መሣሪያዎች ብቻ እያየ ለመብረር የሚያስችለውን ፈቃድ ገና አልያዘም ነበር። ኤንቲኤስቢ የአውሮፕላን ብልሽት አላገኘም። የደመደመው አብራሪው በሌሊት በውሃ ላይ ሲወርድ አቅጣጫ ጠፍቶበት አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ነው።

አቅጣጫ መጥፋት ሲባል መንገድ መሳት አይደለም። የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሆነ ማጣት ነው። የውስጥ ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚነግረን ፈሳሽ አለ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ፈሳሹ ከዚያው ጋር ይላመድና ቀጥ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል። መሣሪያው «አዘንብለሃል» ሲልህ ታስተካክላለህ። ያኔ ደግሞ ሰውነትህ «ወደ ሌላኛው ጎን ወደቅህ» ይልሃል። ሰውነቱን ያመነ ሰው ወደ መጀመሪያው ማዘንበል ይመለሳል። አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። መሪውን ወደ ራሱ ሲስበው ከመውጣት ይልቅ ጥምዝምዙ እየጠበበ ይሄዳል።

በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን፣ ከአስተማሪ ጋር፣ ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን ከልሎ ፈተናቸው። ሃያዎቹም ከቁጥጥር ወጡ። አማካዩ 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አልሞላም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የኮቤ ብራያንትስ?

እሱ ሄሊኮፕተር ነው፣ ታሪኩ ግን አንድ ነው። ጥር 2020፣ ካሊፎርኒያ፣ ጭጋግ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ሞተ። አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነበር። ልምድ ጆሮን አይቀይርም።

ጥያቄ፦ ነዳጅ አልቆበት ወደቀ ሲባል ማመን ያቅተኛል። መኪና እንኳ መብራት ያበራልሃል!

ወንድሜ፣ እኔም ሪፖርቱን ባላነብ አላምንም ነበር። ከ2011 እስከ 2015 በአሜሪካ ከነዳጅ አያያዝ ጋር የተያያዙ አደጋዎች በዓመት በአማካይ ከ50 በላይ ነበሩ። ጀማሪ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ግማሽ ያህሉ የሙያ ፈቃድ ያላቸው አብራሪዎች ናቸው።

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእርግጥም ጨርሶ ማለቅ ነው። ሌላው ይበልጥ ያሳዝናል፤ አንዱ ክንፍ ውስጥ ነዳጅ ሞልቶ ሳለ አብራሪው ማዞሪያውን ወደዚያ ታንክ ስላላዞረው ሞተሩ ይጠፋል። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 1997 ሞንተሬይ የባህር ወሽመጥ ውስጥ የወደቀው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ሎንግ-ኢዜድ የተባለው አውሮፕላኑ በግለሰብ የተሠራ ነው። የነዳጅ ማዞሪያው ያለው ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ ነበር። ከመነሳቱ በፊት ከመካኒኩ ጋር ማዞሪያው ላይ ፒንሳ ገጥመው እጁ እንዲደርስ ሞከሩ፤ አልሆነም። ነዳጅ ይሞላልህ ሲባልም አያስፈልገኝም አለ። አየር ላይ ወደኋላ ዞሮ ማዞሪያውን ለመያዝ ሲታገል፣ ሳያስበው የቀኙን የእግር መርገጫ ገፋና ከቁጥጥር ወጣ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ይህ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ መሰላል ላይ አወጣዋለሁ። የክንፉን ታንክ ክዳን ከፍቶ በእንጨት መለኪያ ይለካል፤ የጠቋሚውን መርፌ አያምንም። ከዚያ ክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ ትንሽ ብርጭቆ በሚመስል ዕቃ ነዳጅ ይቀዳል። የእኛ ቤንዚን ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ውሃ ካለበት ከታች ይረጋል፣ በዓይን ይታያል። ውሃ እስኪጠፋ እየደጋገመ ይቀዳል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ነው የምንወርደው?

የለም። ክንፉ አለ። የተለመደው ሴስና 172 ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሳፈፋል። ሜዳ ለመምረጥ ጊዜ አለህ። አደጋው የሚመጣው አብራሪው ሲደናገጥ ነው። በተለይ ገና ከመሬት እንደተነሳ ሞተር ሲጠፋ፣ ወደ መንደርደሪያው ልመለስ ብሎ በዝቅተኛ ከፍታ አጥብቆ የሚዞር ብዙ ነው።

ክንፍ የሚያነሳህ አየሩ በተገቢው ማዕዘን ሲያልፍበት ነው። እጅህን ከመኪና መስኮት አውጥተህ ብታውቅ፣ መዳፍህን ትንሽ ቀና ስታደርገው ይነሳል፤ በጣም ስታቀናው ግን መነሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋሃል። ክንፉም አፍንጫው ከመጠን በላይ ሲቀና ማንሳቱን ያቆማል። «ስቶል» የምንለው ይህ ነው። ስትዞር ደግሞ ቶሎ ይመጣል፤ ከፍታ ጠብቀህ 45 ዲግሪ አዘንብለህ ስትዞር፣ ስቶል የሚደርስበት ፍጥነት በ19 በመቶ ከፍ ይላል። ከፍታ ካለህ ትወጣበታለህ። 100 ሜትር ላይ ከሆንክ ግን ጊዜ የለህም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ስወጣ ትንሽ አውሮፕላን ይዤ አገር ቤት መብረር እመኛለሁ። ከአሜሪካ የሚለየው ምንድነው?

ጋሼ፣ ምኞትዎ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ነገር ከፍታው ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ገና ከመነሳቱ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም እንዲሁ ይደክማሉ። ፀሐይ ሲበረታ ይብሳል። ባህር ዳርቻ ላይ በአጭር ርቀት የሚነሳ አውሮፕላን እዚያ መንደርደሪያው ይረዝምበታል፤ ከተነሳም በኋላ ከፍታ ለማግኘት ይታገላል።

በ1996 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ልታቋርጥ የተነሳችው የ7 ዓመቷ ጄሲካ ዱብሮፍን ያስታውሱ ይሆናል። አውሮፕላኑን የሚመራው አስተማሪዋ ነበር፤ አባቷም አብሮ ነበር። የሚነሱት ከሸያን፣ ዋዮሚንግ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ጭኗል፣ ማዕበል እየመጣ ነው፣ ጋዜጠኞች ደግሞ በየማረፊያው ይጠብቃሉ። ተነሱ። ወዲያው ስቶል ገባና ሦስቱም ሞቱ።

ሁለተኛው ተራራውና ክረምቱ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 በእኛ አቆጣጠር፣ የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄድ የተሳፈረበት ትዊን ኦተር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው አለቀ። ረሃብተኛ ሊረዱ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል። እርስዎ ግን ማልደው ይብረሩ፣ ሸክም ይቀንሱ፣ ሸለቆ ውስጥ ገብተው ደመና ሥር ለማለፍ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ፓራሹት ያለው አውሮፕላን አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ሲረስ የሚባሉት አውሮፕላኖች ጣሪያቸው ላይ ቀይ እጀታ አላቸው። ሲሳብ ሮኬት ፓራሹቱን ያወጣና አውሮፕላኑን ከነሰዎቹ ያወርዳል። ከ200 በላይ ሰዎች ድነውበታል። ችግሩ «ትንሽ ልሞክር» ብለው ከፍታቸው እስኪያልቅ የሚዘገዩት ናቸው። ከአብራሪ ጋር ስትሳፈር እጀታውን መቼና እንዴት እንደምትስብ አስቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በ1970ዎቹ የተሠራ አውሮፕላን ላይ መሳፈር ይቻላል?

ይቻላል፤ አብዛኞቹ እዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። የሚጠየቀው ዓመታዊ ምርመራው በጊዜው መደረጉ ነው። የጥገና መዝገቡን አሳየኝ ስትለው የሚኮሳተር ባለቤት ካለ አትሳፈር።

ጥያቄ፦ ሪፖርቶቹን እኔም ማንበብ እችላለሁ?

በነፃ። የመጀመሪያው አጭር ሪፖርት በሳምንታት ውስጥ ይወጣል፤ የመጨረሻው አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። «ምክንያቱ ይህ ነው» የሚለውን አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንብብ። በመጀመሪያ የበረራውን ታሪክ ያዝ። ስንት ሰዓት ሊነሳ አስቦ ስንት ሰዓት ተነሳ? የአየር ትንበያ አይቷል ወይ? ማን ይጠብቀው ነበር? እኔ እነዚህን በእርሳስ አሰምርባቸዋለሁ፤ ከተማሪዬ ጋር የምወያየውም በእነሱ ላይ ነው።