ባቡሬ ይዞራል፣ እኔ ግን ሰለቸኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? (የድሬ ልጆች ስለሆንን አንቱ አላልኩህም።) አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው የሠራው። እኔ ኑሮዬ ስቱትጋርት ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት በሦስት ሜትር ጠረጴዛ ላይ የጅቡቲን መስመር በትንሹ ሠራሁት። አዲስ አበባ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ አራቱም አሉ። ሐዲዱ ክብ ነው፤ ባቡሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ልጆቼ በሁለተኛው ቀን ትተውት ሄዱ፣ እኔም በሳምንቱ። ምን ጎደለው? ደግሞስ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ብጨምርበት ነፍስ ይዘራ ይሆን?
የከዚራ ልጅ፣ ከስቱትጋርት

መልስ፦ አንቱ ብትለኝ ኖሮ ደብዳቤህን ሳልጨርስ አጥፌ አስቀምጠው ነበር።

ያንተን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ያውም በባሰ ሁኔታ። የዛሬ 15 ዓመት ምድር ቤታችን ውስጥ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ 11 ጣቢያ ደርድሬ ነበር። ባቡሩ ወደ ድሬ ሲያቀና አፉ ኤረር ገብቶ ጭራው ገና አፍደም ነው። ባለቤቴ አይታ “ይሄ ባቡር ነው ወይስ መቀነት?” አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ሂሳቡን እንየው። በ1 ለ 87 ልኬት፣ ማለትም ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ላይ 11 ሜትር ተኩል ይሆናል። 784 ኪሎ ሜትሩን የድሮ መስመር በሙሉ ልዘርጋ ብትል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልግሃል፤ ከቤትህ ተነስቶ ጎረቤት ከተማ ይገባል። ርቀትን ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አይቻልም። ሊመጣ የሚችለው መቆም ነው። የኛ መስመር ደግሞ ሕይወቱ በመቆም ነበር። ድሬ ራሷ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለማይችል በ1895 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ስለቆመ አይደል? አዋሽ ጣቢያ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ቡፌ የተከፈተውስ፣ በዚያ ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ ሌላውን አዋሽ ስለሚያድር ነው።

ስለዚህ ጨክን። አራቱንም ጣቢያ ንቀልና በምትካቸው አንዲት ትንሽ የገጠር ጣቢያ ትከል። እኔ ኤረርን መረጥኩ። ትንሽ ናት፣ ግን ሥራ ነበራት፤ ብርቱካንና መንደሪን ትጭን ነበር። ሦስት ሜትርህ በእውነተኛው መሬት 260 ሜትር ነው፣ ለገጠር ጣቢያ ያንሳል አይባልም። ክቡን ቁረጠውና ቀጥ አድርገው። በግራና በቀኝ ጫፍ ከካርቶን ግድግዳ ሥራ፣ ባቡሩ በቀዳዳ ይውጣ። ከግድግዳው ጀርባ ሦስት ሦስት ሐዲድ ጎን ለጎን የተዘረጋበት ሳንቃ አድርግ፤ እኔ ጓዳ እለዋለሁ። የግራው ጓዳ አዋሽ ነው፣ የቀኙ ድሬዳዋ። ባቡሮቹ ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ተደብቀው ይጠብቃሉ።

ጣቢያው ላይ ሁለት ነገር ይበቃሃል። አንደኛው ሁለት ባቡር የሚተላለፍበት ጥንድ ሐዲድ ነው። ሁለተኛው ጫፉ የተዘጋ የጭነት ሐዲድ። አንድ ሎኮሞቲቭና አምስት ፉርጎ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን መተላለፊያውን ከ90 ሳንቲ ሜትር አታሳንሰው።

የሐዲድህን ስፋት፣ በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለውን ማለቴ ነው፣ አልነገርከኝም። የኛ መስመር አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚህ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው የሚሆነው። አንተ ያለህበት አገር ይሄ ችግር የለም፤ ብዙዎቹ የስዊዝ ተራራ ባቡሮችም ባለ አንድ ሜትር ስለሆኑ ሱቁ ሞልቷል። የጭነት ፉርጎ ገዝተህ ቀለሙን አደብዝዘው። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙትን አግዳሚዎችም የዝገት ቀለም ቀባቸው። የኛ የብረት ነበሩ፣ እንጨቱን ምስጥ አይምረውም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ ፉርጎ ሁሉ የሚሄድበት ምክንያት ይኑረው። ለእያንዳንዱ ፉርጎ የመጫወቻ ካርታ የሚያህል ወረቀት ቁረጥ። እኔ “ባዶ፣ ከድሬዳዋ ወደ ኤረር”፣ ጀርባው ላይ ደግሞ “ብርቱካን፣ ከኤረር ወደ ጅቡቲ” እያልኩ እጽፋለሁ። ለሌላው “ጨው፣ ወደ አዋሽ”፤ ለሌላው “ቡና፣ ወደ ጅቡቲ”። ድብልቁ ባቡር፣ ማለትም ሰውም ዕቃም የሚጭነው፣ ከድሬ ጓዳ ሲወጣ ካርዶቹን ታያለህ፤ ኤረር የሚቀረው የትኛው ነው? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚመጣው። የጭነት ሐዲዱ አፍ ወደ ድሬ በኩል ከሆነ፣ ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ወደ ኋላ እየገፋ ፉርጎውን በቀላሉ ያስገባዋል። ከድሬ የሚመጣው ግን ፉርጎውን ከፊት እየጎተተ ቢገባ ሎኮሞቲቩ ራሱ ከውስጥ ታጉሮ ይቀራል። መጀመሪያ መላቀቅ፣ በሁለተኛው ሐዲድ ዞሮ ከኋላ መምጣት፣ ከዚያ መግፋት አለበት። ሐዲድ መቀየሪያውን አራት አምስት ጊዜ ትነካለህ። አንዲት የብርቱካን ፉርጎ ለማስቀመጥ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ማንም አይሰለችም፣ እመነኝ።

ያ ሁሉ ሲሆን ከአዋሽ በኩል ሌላ ባቡር እየመጣ ነው። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ መሐል ላይ መገኘት የለበትም። እኛ ቤት ሕጉ የቡና ማንኪያ ነው። ከኤረር እስከ አዋሽ ያለው መንገድ አንድ ማንኪያ አለው፣ ማንኪያውን ያልያዘ አይነዳም። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን “ባዶ ነው” ብሎ ያለ ማንኪያ ለቀቀና ሁለቱ ባቡሮች ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ግንባር ለግንባር ተገናኙ። የአንዱ ሎኮሞቲቭ ደረጃ እስከ ዛሬ የለም፣ ምንጣፉ በላው።

ፍጥነት ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ ልኬት ሦስት ሜትርህን ለማለፍ 24 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ቁጠረው፤ ያንተ ምናልባት በአራት ሴኮንድ ነው የሚያልፈው። ሰዓቱን ግን ማፋጠን ትችላለህ፤ እኛ አንዱን ደቂቃ ስድስት እናደርገዋለን። የግድግዳው ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ ቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። አንድ ጀርመናዊ ጎረቤቴ የመጀመሪያው ባቡር ለምን እኩለ ሌሊት እንደሚነሳ ጠይቆኝ ሁለት ቡና አስጠጣኝ፣ ሳላስረዳው።

ለልጆቹ ዛር ስጣቸው፣ የመጫወቻውን ማለቴ ነው። ባቡሩ ከጓዳ ከመውጣቱ በፊት አንዱ ይጥላል። አንድ ከወጣ ግመል ሐዲድ ላይ ተኝቷል፣ አምስት ደቂቃ። ሁለት ከወጣ ፊናንስ ኮንትሮባንድ ይፈትሻል፣ ሠላሳ ደቂቃ፤ የተሳፋሪው ጨርቅና ሳሙና በየመቀመጫው ሥር ሲሰወር ደግሞ በቃልህ ተርክላቸው፣ አባትህ ሳይነግርህ አልቀረም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይለፍ። የኔ ትንሿ ልጅ ሁልጊዜ ሁለት እንዲወጣላት ትጸልያለች።

መሬቱን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ። እኔ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አስልኬ በሻይ ማጥለያ ነፍቼ ነሰነስኩት። ቀለሙ ልብ ይነካል፤ ግን መጀመሪያ ማግኔት አሳልፍበት። አሸዋው ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ይስበውና ይታነቃል። ሁለት ሞተር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

አዲሱን ባቡር ጠይቀሃል። የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል፣ በ12 ሚሊ ሜትሩ ላይ አይሄድም። ጣቢያውም ድሬ ከተማ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ ነው። ለሱ ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። እኔ ቤት የቀረው ጠረጴዛ የምግብ ነው፣ እሱም የባለቤቴ።