«በማኅደሩ ውስጥ አልተገኘም»

በጀርመን አገር በታሪክ ትምህርት የማስተርስ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት ወራት የቀሯት አንዲት ወጣት ባለፈው ወር ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ለመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ እርሷም ልታመለክት አስባለች፤ አስተማሪዋ ግን ታሪክ ያጠና ሰው የሌላውን ቃል ሲያቀብል ዕድሜውን መጨረስ የለበትም ብለዋታል። «እርስዎ በዚያ ቤት ስለኖሩ ይንገሩኝ፤ ሥራውን ብቀበል ሙያዬን ከዳሁ ማለት ነው?» ትላለች። መልሴን ለብቻዋ ከመላክ ይልቅ እዚህ የምጽፈው ይህንኑ የሚጠይቁኝ ሌሎች ወጣቶችም ስላሉ ነው። ስለ ደመወዙና ስለ ማመልከቻው አጻጻፍ ምንም አልልም፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በምዕራብ ጀርመን በሚገኝ በአንድ ሀገረ ስብከት የመገናኛ ብዙኃን ክፍል ውስጥ ከቃል አቀባዩ ሥር ሠርቻለሁ። ቃል አቀባዩ ጀርመናዊ የታሪክ ዶክተር ነበሩ። በናዚ ዘመን ስለነበሩ የገጠር ቄሶች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከሠሩ በኋላ በዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ ውል ለዓመታት ተንከራትተው፣ የፕሮፌሰርነቱ ወንበር እንደማይደርሳቸው ሲገባቸው ወደ ሀገረ ስብከቱ ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ከዚያም ወደ ቃል አቀባይነቱ ተሻገሩ። ይህ መንገድ በዚያ አገር እንግዳ አይደለም። በጀርመን 27 ሀገረ ስብከቶች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1952 ጀምሮ የራሷ የዜና ወኪል፣ ከ1968 ጀምሮም በሙኒክ የራሷ የጋዜጠኞች ማሠልጠኛ ያላት ስለሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ ያልያዛቸው የታሪክና የነገረ መለኮት ምሩቃን ወደዚያ ይሳባሉ።

ዶክተሩ በጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶ አያስቀምጡም ነበር። በቤተ መዛግብት ውስጥ ሰነድ እንዳይበላሽ ከእርሳስ በቀር አይፈቀድምና ልማዱ ከዚያ አብሯቸው መጣ። እያንዳንዱን መግለጫ ገና ሳይወጣ እንደ አሮጌ ሰነድ ያነቡት ነበር፤ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምንስ አስቀርቶ እያሉ በእርሳስ ያሰምሩበታል። «ይህን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የእኛው ዓይነት ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ታሪክን ከዱ ብሎ የሚከሳቸው ካለ፣ ይህን ልማዳቸውን ስላየሁ አልስማማም።

አሁን ወደ ጸጸቴ ልግባ። በጥር 2010 መጨረሻ፣ በበርሊን የሚገኘው የካኒዚዩስ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን ክላውስ ሜርቴስ ለቀድሞ ተማሪዎች የጻፉት ደብዳቤ በጋዜጣ ወጣ፤ በትምህርት ቤቱ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በካህናት የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት እንደነበር የሚያምን ደብዳቤ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በየሀገረ ስብከቱ ስልክ መጮኹን አላቆመም፤ የእኛም እንዲሁ።

በየካቲት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዶክተሩ ቦን ለስብሰባ ሄደው ሳለ፣ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። የሚናገረው ሰው ድምፁ የገጠር ነው፤ ቃላቱን እየቆጠበ ነው የሚያወጣው። የአንድ መንደር ስም፣ የአንድ ሟች ካህን ስም፣ 1966 የሚል ዓመት ነገረኝ፤ ያን ጊዜ በመቅደስ የሚያገለግል የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። «እኔ ወረቀት የለኝም፤ እናቴ ግን ለጳጳሱ ጽፋለች» አለኝ። በቢጫ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከዚያም፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ በሚጮኸው በዚያ የቢሮ ድምፄ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ነገርኩትና ስልኩ ተዘጋ።

ሰውየው ለአካባቢው ጋዜጣም ተናግሮ ኖሮ፣ ጋዜጠኛው እስከ አምስት ሰዓት (በእነርሱ አቆጣጠር ነው፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ማለት ነው) መልስ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ወደ ሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ፤ ሠራተኛዋ የካህኑን የግል ማኅደር አውጥታ ገለጠችና ስለ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ወረቀት እንደሌለ፣ ካህኑ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአራት ደብሮች ማገልገላቸውን ብቻ እንዳየች ነገረችኝ። አራት ደብር በዘጠኝ ዓመት! የመጀመሪያ ዓመት የታሪክ ተማሪ እንኳ ለምን ብሎ ይጠይቃል። እኔ ቁጥሩን ጽፌ ምንም አልጠየቅሁም። ቤተ መዛግብቱ ከቢሮዬ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው፤ አልወረድኩም። ይልቁንም «በሟቹ ካህን የግል ማኅደር ውስጥ ክሱን የሚደግፍ ነገር አልተገኘም» የሚል ዓረፍተ ነገር አሰናድቼ ለዶክተሩ በስልክ አነበብኩላቸው። «የታየው የግል ማኅደሩ ብቻ ነው?» አሉኝ። ጊዜ እንደሌለን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ላከው» አሉ። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ ለዚህም ነው በቀላሉ የወጣው።

ሰውየው ዳግመኛ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩለትም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። እኔን ወደ ታሪክ ያመጣኝ በተማሪነቴ ስለ አባ ጎርጎርዮስና ስለ ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ስለ ሂዮብ ሉዶልፍ የጻፍኩት ጽሑፍ ነው። ሉዶልፍ ሮም ላይ በ1649 ያወቃቸውን ኢትዮጵያዊውን መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስን የጀርመኑ የጎታ መስፍን በ1652 ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲያስጠሯቸው፣ ስለ አገራችን በመጻሕፍት ያልነበረውን ሁሉ ከአንደበታቸው ጠይቆ ጻፈ፤ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ የበቀለ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የሕያው ሰው ቃል ወረቀት የጎደለውን እንደሚሞላ ሠላሳ ገጽ ሙሉ ያስረዳሁት እኔ፣ ሕያው ሰው ራሱ ደውሎ ሲመጣልኝ ወረቀት አምጣ አልኩት።

ማኅደር ለምን ዝም እንደሚል የማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕገ ቀኖና ራሱ በቁጥር 489 እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ምስጢራዊ ቤተ መዛግብት እንዲኖረው ካዘዘ በኋላ፣ በሥነ ምግባር ወንጀል የተከሰሰው ሰው ከሞተ ወይም ከተፈረደበት አሥር ዓመት ካለፈ፣ አጭር መግለጫና የመጨረሻው ፍርድ ብቻ ቀርቶ ሰነዱ በየዓመቱ እንዲወገድ ያዛል። የጀርመን ጳጳሳት ስለ ካህናት ወሲባዊ ጥቃት አሠርተው በመስከረም 2018 ፉልዳ ላይ የቀረበው ጥናት 38,156 የግል ማኅደሮች ተመርምረው 1,670 የተከሰሱ ካህናትና አገልጋዮች፣ 3,677 ተጎጂዎች መገኘታቸውን ሲያሳውቅ፣ ሰነድ የጠፋበትና የተነካካበት ምልክት መኖሩንም ገልጿል። በሚቀጥለው ዓመት ጀርመናዊው ካርዲናል ራይንሃርድ ማርክስ በቫቲካን ጉባኤ ፊት ማኅደሮች እንደተደመሰሱ፣ ከነጭራሹ ሳይዘጋጁ እንደቀሩም ተናገሩ። በኮሎኝ የቀድሞው ሊቀ ጳጳስ የካርዲናል ማይስነር ንብረት በነበረ ክምችት ውስጥ ስለተከሰሱ ካህናት የሚናገር፣ «በጭጋግ ውስጥ ያሉ ወንድሞች» የሚል ርእስ የተሰጠው አቃፊ እንደተገኘ ስሰማ ከጭካኔው ይልቅ የርእሱ ልስላሴ አስደነገጠኝ።

ጊዜው አልፎ የእኛም ሀገረ ስብከት ጉዳይ በገለልተኛ ተመራማሪዎች ተጠና። ዘገባው ለጋዜጠኞች ከመሰጠቱ በፊት በነበረው ሌሊት ቢሮዬ ተቀምጬ ሳገላብጥ የመንደሩን ስም አየሁ። የእናቲቱ ደብዳቤ ተገኝቷል። በካህኑ የግል ማኅደር ሳይሆን የጳጳሱ ዋና እንደራሴ በ1967 በተቀበሏቸው ደብዳቤዎች ጥራዝ ውስጥ፣ ስለዚያው ደብር ጣሪያ ጥገና በተጻፉ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያዎች መካከል ነበር። በገጹ ግርጌ ደግሞ ሀገረ ስብከቱ በየካቲት 2010 የሰጠው መልስ ቃል በቃል ተጠቅሷል። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሜ በአንድ ከባድ ጥናት የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ እንዲገባ እመኝ ነበር፤ ስሜ የለበትም፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን የእኔ ነው። ጡረታ ወጥተው ለነበሩት ዶክተር በማለዳ ደወልኩ። አንብበውታል። «ማስታወሻው ትክክል ነው» ብለው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ።

እንግዲህ አስተማሪሽ ልክ ናቸው ልል ነው። ልጄ፣ ያ ቤት የታሪክ ሰውን እውቀት ይወዳል፤ ጥርጣሬውን ግን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይወደውም። ሆኖም አሁን ዕድሜዬ ሃያ አምስት ቢሆን ሥራውን እወስደዋለሁ፤ ሁለቱን ሐሳብ እንዴት እንደማስታርቃቸው አትጠይቂኝ። በ2022 የሙንስተርን ሀገረ ስብከት ያጠናው በቶማስ ግሮስቤልቲንግ የተመራው ቡድን በአብዛኛው የታሪክ ተመራማሪዎች ነበሩ እንጂ የሕግ ድርጅት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጥናት ሲመጣ ጥያቄውን የሚረዳ ሰው በውስጥ በኩልም ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በጥር ደግሞ የቀድሞው ፖፕ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የሙኒክን ሀገረ ስብከት ላጠኑት ሰዎች በሰጡት የ82 ገጽ መልስ፣ የሙኒክ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ በ1980 በተደረገ አንድ ስብሰባ አልነበርኩም ብለው፣ ቃለ ጉባኤው መገኘታቸውን ስለሚያሳይ ከቀናት በኋላ ስሕተቱ በአርትዖት ወቅት የተፈጠረ ነው ተብሎ ታረመ። ያንን መልስና ቃለ ጉባኤውን አንድ ላይ አንብቢ፤ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

የእናንተ ትውልድ ፍጥነት ያስፈራኛል፤ በኢንተርኔት ፍለጋ ያልመጣውን ነገር «የለም» ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ ስልክ መደወልንም እንደ ድፍረት ትቆጥሩታላችሁ። እኔም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ያንኑ ስለሆነ ብዙ መናገር አይገባኝም።

ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፤ የክፍሉ ሠራተኛ ወደ ቤተ መዛግብቱ ለመውረድ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፤ ከግል ማኅደር ውጭ የሚመጡ የምእመናን ደብዳቤዎች የት እንደሚቀመጡ፤ አንድ ሰው ደውሎ በደሉን ከተናገረ በኋላ መልሶ የሚደውልለት ማን እንደሆነ። የምስጢራዊውን ቤተ መዛግብት ቁልፍ ግን አትጠይቂ፤ በቀኖና 490 መሠረት በጳጳሱ እጅ ብቻ ነው ያለው። ምን ብለው እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ።