የአንባቢያን ጥያቄ፦ የማኅበር መዋጮና የጡረታ አበል

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ሆቴል በምግብ አብሳይነት እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 57 ነው። በየወሩ ከደመወዜ 1 በመቶ ለሠራተኛ ማኅበራችን ይቆረጣል። ጡረታ ስወጣ ማኅበሩ ለእኔም ሆነ ለባለቤቴ የሚሰጠን ነገር አለ?

መልስ፦ ከማኅበሩ ካዝና የሚወጣ አበል የለም። አበሉ የሚከፈለው እርስዎ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ከሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነው። ማኅበሩ የሚጠቅምዎ አበሉ የሚሰላበት ደመወዝ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው።

አበሉ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የደመወዝዎ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበልና ሰርቪስ ቻርጅ (ከእንግዶች ሂሳብ ላይ ለሠራተኛ የሚከፋፈለው) አይገቡበትም። ብዙ የሆቴል ሠራተኛ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ በእጁ ሲገባ የኖረውና አበሉ የተሰላበት ገንዘብ አይገናኙም።

18 ዓመት ቢያዝልዎት 40 በመቶ ያገኛሉ። አማካይ ደመወዝዎ 10,000 ብር ከሆነ አበሉ 4,000 ነው። በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በሚዋዋሉት ውል) ድርድር ከጥቅማ ጥቅሙ 2,000 ብር ወደ ደመወዝ ቢዛወር ግን 4,800 ይሆናል። እርስዎ ቢያልፉ ባለቤትዎ ግማሹን፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ 20 በመቶውን ስለሚያገኙ ልዩነቱ ለእነሱም ይተርፋል። በእርግጥ ከኪስዎ በወር 140 ብር ተጨማሪ መዋጮ ይወጣል፤ የገቢ ግብሩም ከፍ ሊል ይችላል። አሠሪውም 220 ብር ይጨምራል፤ ጭማሪን ከደመወዝ ይልቅ በጥቅማ ጥቅም መልክ መስጠት የሚቀናው ስለዚህ ነው። ዝውውሩ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ሲቀር ቢመጣ አማካዩን ብዙም አያነሳውም።

ከ1997 ጀምሮ ያለው ሁሉ ይቆጠርልኛል ብለው ግን አይመኑ። የግል ድርጅቶች የጡረታ ዐቅድ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛውና አሠሪው የሚያዋጡበት የድርጅቱ የቁጠባ ፈንድ) ከነበራችሁ ወደ ጡረታው መዛወር አለመዛወሩን የማኅበሩን ሊቀመንበር ይዘው ከሰው ኃይል ክፍል ያጣሩ።

ደመወዝ መክፈያው ላይ 7 በመቶ ተቆርጦ መታየቱም ለጡረታ ፈንዱ ገቢ መደረጉን አያሳይም። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ደረሰኝ ቢጠይቅ ጥርስ ሊነከስበት ይችላል፤ ማኅበሩ ግን በየሩብ ዓመቱ የሁሉንም አንድ ላይ መጠየቅ ይችላል። በተጨማሪ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን የልደት ቀን፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ ዛሬውኑ ከማኅደርዎ ይመልከቱ። የስም ፊደል ልዩነት ብቻ ለባለቤትዎ የወራት ምልልስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ አባል ሳልሆን የኅብረት ስምምነቱ ጭማሪ ደርሶኛል። ታዲያ ለምን ልግባ?

መልስ፦ ስምምነቱ አባል ላልሆኑም ስለሚሠራ ጭማሪው መብትሽ ነው። ለድርድር ምን ይቅረብ የሚለውን የሚወስኑት ግን አባላት ናቸው። ወጣት አባላት የሚበዙበት ጉባኤ እጅ በእጅ የሚገኝ ጥቅማ ጥቅም ይመርጣል፤ ደመወዝ ይቅደም የሚል ድምፅ ከሌለ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ሌላም አለ፦ ስምምነቱ ጊዜው አልቆ እድሳቱ በሦስት ወር ካልተቋጨ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ይቆማሉ። ደካማ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ያልተከፈለሽ ጭማሪ ካለም ስድስት ወር ሳይሞላው ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል።